መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኔትወርኩ አብሮ እንዳይጠፋ፦ የራውተርና የስዊች ኮንፊግ አያያዝ

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ይደውልልኛል። የጥያቄው መልክ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዊቹ ተነሣ፣ ግን ባለፈው ወር የሠራነው ሁሉ የለም።» «ራውተሩ ተቃጠለ፣ አዲስ ገዛን፣ ኮንፊጉን ከየት እናምጣው?» «አንድ መስመር ብቻ ነው የቀየርኩት፤ ቅርንጫፉ በሙሉ ወጣ።»

ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ አንዴ በሥርዓቱ ልጻፈው አልኩ። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የኮንፊጋችሁ (መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስኑት ትእዛዞች) ቅጂ ከመሣሪያው ውጭ ይኑር። መመለሻ ሳትይዙ ደግሞ ምንም አትቀይሩ። ከታች ያለው ሁሉ የሁለቱ ዝርዝር ነው።

ምሳሌዎቼ በብዛት የሲስኮና የሚክሮቲክ ኩባንያዎች መሣሪያዎች ናቸው፤ በየቢሮው ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) ላይ ደጋግሜ የማገኛቸው እነሱን ስለሆነ ነው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። መሣሪያው ላይ የምትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለመሣሪያችሁ የሚሆን የኮንሶል ኬብል፤ ያለ ኔትወርክ ላፕቶፑን በቀጥታ ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው። አብዛኛው ሲስኮ በ9600 ፍጥነት ይከፈታል።
- ፑቲ ወይም ሌላ ተርሚናል ያለው፣ ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ።
- ቅጂዎቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ወይም ትንሽ የሊኑክስ ሰርቨር። ሌላ ክፍል ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።
- እንደ ኪፓስ ያለ የፓስወርድ ማስቀመጫ።
- የመሣሪያዎች መዝገብ። ኤክሴል ይበቃል።
- ከተገኘ፣ ለሙከራ የሚሆን ትርፍ ስዊች ወይም ራውተር።

ማስጠንቀቂያ፦ የኮንሶል ኬብሉን ሳትይዙ ርቆ ያለ መሣሪያ ላይ ትልቅ ለውጥ አትጀምሩ። መሣሪያው ቅርንጫፍ ከሆነ፣ እዚያ ኬብሉን የሚሰካላችሁ ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 1. ያላችሁን ቁጠሩ

በየፎቁ ያሉትን ራኮች ከፍታችሁ እያንዳንዱን መሣሪያ መዝግቡ። ስም፣ ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥር፣ አይፒ አድራሻ፣ የሶፍትዌር ቨርዥን፣ የሚገኝበት ቦታ። የማታውቁትን መሣሪያ ባካፕ አታደርጉትም፣ ፓስወርዱንም አትቀይሩትም። ኮርኒስ ውስጥ የተረሳች አንዲት ስዊች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የወጣችበትን ፓስወርድ እንደያዘች ናት።

ደረጃ 2. እየሠራ ያለውንና የተቀመጠውን ኮንፊግ ለዩ

ሲስኮ ላይ ሁለት ኮንፊግ አለ። ረኒንግ-ኮንፊግ አሁን እየሠራ ያለው ነው፤ ያለው ራም ላይ ነው። ስታርታፕ-ኮንፊግ መሣሪያው ሲነሣ የሚያነበው ነው፤ እሱ ኤንቪራም (መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ማስቀመጫ) ላይ ይቀመጣል። የምትጽፉት ትእዛዝ ወዲያው ረኒንግ ውስጥ ገብቶ መሥራት ይጀምራል። ሴቭ ካላደረጋችሁት ግን ስታርታፕ አያውቀውም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራሙ ባዶ ይሆናል፤ መሣሪያው ሲነሣም የድሮውን ያነባል። «ጠፋ» የምትሉት ኮንፊግ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም ነበር ማለት ነው።

ይህ በእኔም ደርሷል። ለአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) ሠራሁ። ፈተሽኩት፣ ሠራ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሳምንታት በኋላ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱም (መጠባበቂያ ባትሪው) እስኪነጋ አልያዘም። ጠዋት ባለጉዳይ በር ላይ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ይባላል። የጎደለችው አንዲት ትእዛዝ ናት፦

ኮፒ ረኒንግ-ኮንፊግ ስታርታፕ-ኮንፊግ

ከዚያን ቀን ወዲህ ከመሣሪያ ሳልወጣ ያልተቀመጠ ነገር መኖሩን አያለሁ። እናንተም ይህን ልመዱ፦

ሾው አርካይቭ ኮንፊግ ዲፈረንስስ ኤንቪራም፡ስታርታፕ-ኮንፊግ ሲስተም፡ረኒንግ-ኮንፊግ

የመደመር ምልክት ያለበት መስመር እየሠራ ነው፣ ግን አልተቀመጠም። የመቀነስ ምልክት ያለበት ደግሞ ተቀምጧል፣ አሁን ግን እየሠራ አይደለም።

ሚክሮቲክ ከዚህ ይለያል። የቀየራችሁትን ወዲያው ያስቀምጣል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ሥራችሁ አይጠፋም። ስህተታችሁም ግን አይጠፋም፤ ነቅሎ መሰካት አያድናችሁም። የእሱን መላ ደረጃ 6 ላይ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 3. ቅጂውን ከመሣሪያው አውጡ

ሴቭ ማድረግ ከመብራት መጥፋት ያድናል። መሣሪያው ራሱ ሲቃጠል ግን ስታርታፑም አብሮ ይሄዳል።

ሲስኮ ላይ ኮንፊጉን ወደ ሰርቨራችሁ በኤስሲፒ (ፋይልን አመስጥሮ በሚያስተላልፈው መንገድ) ላኩት። ቲኤፍቲፒ ይቀላል፣ ነገር ግን ሁሉን በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚያሳልፈው፤ መስመሩን የሚያዳምጥ ሰው ፓስወርዶቻችሁን ጨምሮ ያነበዋል። ሰርቨር ከሌላችሁ ፑቲ ላይ የሎግ ፋይል ከፍታችሁ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» (ጽሑፉ ገጽ በገጽ ሳይቆም እንዲወጣ) ብላችሁ ከዚያ «ሾው ረኒንግ-ኮንፊግ» ማለት ይበቃል።

ሚክሮቲክ ላይ ሁለት ዓይነት ቅጂ ስላለ ሁለቱንም ውሰዱ። ባካፕ የሚለው በሰው የማይነበብ ፋይል ነው፤ የተሠራውም ለዚያው መሣሪያ ለመመለስ ነው። ሌላ ሞዴል ላይ ልጫነው ካላችሁ ጣጣ ያመጣል። ኤክስፖርት የሚለው የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ አስተካክላችሁ ሌላ መሣሪያ ላይ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ራውተር ኦኤስ 7 (የሚክሮቲክ ሶፍትዌር) ላይ ኤክስፖርት ሚስጥራዊ ቁልፎችን በራሱ ይደብቃል። እንዲወጡ ከፈለጋችሁ «ሾው-ሴንሲቲቭ» የሚለውን መጨመር አለባችሁ። የተጠቃሚ ፓስወርዶችና ሰርቲፊኬቶች ግን በኤክስፖርት በምንም መንገድ አይወጡም። እነሱን ለብቻ ያዙ።

የፋይል ስም ላይ ልለምናችሁ። አንዱ ፋይል መጋቢት 5፣ ሌላው ማርች 14 ተብሎ ሲቀመጥ አንድ ቀን መሆኑን በችግር ሰዓት ማንም አያስተውልም። በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዓመት መጀመሪያ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን ጻፉ፦ ፒያሳ-ስዊች1-2025-03-14። እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ሎጉም (መሣሪያው የሚይዘው የክስተት መዝገብ) በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ማመሳከር አይቸግርም።

ማስጠንቀቂያ፦ የኮንፊግ ፋይል የቤታችሁ ቁልፍ ነው። ማንም የሚከፍተው ሼርድ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡት።

ደረጃ 4. ሥራውን ለማሽን ስጡት

በእጅ የሚወሰድ ቅጂ ሁለት ወር ይወሰዳል፣ ከዚያ ይረሳል። መሣሪያዎቻችሁ ከአሥር ካለፉ ኦክሲዳይዝድ ወይም ራንሲድ ጫኑ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። በየጊዜው እየገቡ ኮንፊጉን ያነባሉ፣ ለውጥ ካለ አዲሱን ያስቀምጣሉ። ኦክሲዳይዝድ ካልነካችሁት በየሰዓቱ ይዞራል። ፋይሎቹ ጊት (የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም) ውስጥ ሲገቡ የትኛው መስመር መቼ እንደተቀየረ አንድ በአንድ ታያላችሁ።

ጥቅሙ ከባካፕም ያልፋል። ጠዋት ገብታችሁ ማታ ማንም ለውጥ ባልያዘበት ሰዓት አንድ መስመር ተጨምሮ ካያችሁ፣ ወይ ባልደረባችሁ ሳይናገር ነካክቷል፣ ወይ የማታውቁት ሰው ገብቷል። ሁለቱንም በዚያው ቀን ማወቅ አለባችሁ።

ለዚህ ሥራ የራሱ አካውንት ፍጠሩለት። ሥልጣኑን የሚቻለውን ያህል አሳንሱ፤ ከዚያ ሰርቨር አይፒ ውጭም እንዳይገባ አድርጉ። የሁሉም መሣሪያ ኮንፊግ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ፣ ያ ሰርቨር ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት ይሆናል።

ደረጃ 5. ክፍት በሮችን ዝጉ

አሁን ኮንፊጉ ፊታችሁ አለ። አንብቡት። እነዚህን ፈልጉ፦

ቴልኔት። ከርቀት ወደ መሣሪያው የመግቢያ መንገድ ነው፤ በፖርት 23 ሁሉን በግልጽ ያስተላልፋል። የሚተላለፈውን በሚያመሰጥረው በኤስኤስኤች ቨርዥን 2 ተኩት። መጀመሪያ ኤስኤስኤቹን ሠርታችሁ በሁለተኛ መስኮት ገብታችሁ አረጋግጡ፤ ቴልኔቱን ከዚያ በኋላ ዝጉት። የመጀመሪያውን መስኮት ሁለተኛው ሳይከፈት አትዝጉ። ሲስኮ ላይ ብዙ ሰው «ላይን ቪቲዋይ 0 4» የሚለውን (የርቀት መግቢያ መስመሮቹን ከ0 እስከ 4) ብቻ ያስተካክልና ከ5 እስከ 15 ያሉትን ይረሳል። ቴልኔት በእነሱ በኩል ሊገባ ይችላል።

የፓስወርድ ዓይነት። ኮንፊጉ ውስጥ ከፓስወርዱ በፊት 7 የሚል ቁጥር ካለ፣ ያ የተመሰቃቀለ የሚመስል ጽሑፍ በሰከንዶች ይፈታል። «ሰርቪስ ፓስወርድ-ኢንክሪፕሽን» የሚሰጣችሁ ይህንኑ ነው። ከትከሻችሁ በላይ ከሚያይ ሰው ይሸሽጋል፣ ፋይሉን ከያዘ ሰው ግን አያድንም። «ሴክሬት» የሚለውን ተጠቀሙ፤ መሣሪያችሁ ከቻለ ዓይነት 8 ወይም 9 አድርጉት።

ኤስኤንኤምፒ። መሣሪያዎችን ከርቀት መከታተያ ነው። «ፐብሊክ» እና «ፕራይቬት» የሚሉ ኮሚዩኒቲዎች (እንደ ፓስወርድ የሚያገለግሉ ቃላት) ካሉ አጥፉ። እነሱን መጀመሪያ የማይሞክር አጥቂ የለም። የሚቻል ከሆነ ቨርዥን 3 ተጠቀሙ።

የዌብ ገጽ። የሲስኮን ዌብ ገጽ ካልተጠቀማችሁበት «ኖ አይፒ ኤችቲቲፒ ሰርቨር» እና «ኖ አይፒ ኤችቲቲፒ ሴኪዩር-ሰርቨር» በሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 አጥቂዎች በአይኦኤስ ኤክስኢ (የሲስኮ ሶፍትዌር) ዌብ ገጽ በኩል ያለ ምንም ፓስወርድ ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት ይፈጥሩ ነበር። ገጹን የዘጋ ሰው በዚያ በኩል አልተነካም።

ስማርት ኢንስቶል። አዲስ ስዊችን ከርቀት ማዘጋጃ ነው፤ በቆዩ የሲስኮ ስዊቾች ላይ በፖርት 4786 ክፍት ሆኖ ይገኛል። ማንነት አይጠይቅም፤ በእሱ በኩል ኮንፊግ መውሰድም መቀየርም ይቻላል። «ኖ ቪስታክ» ይዘጋዋል።

ሚክሮቲክ። አይፒ ሰርቪስ የሚለውን ክፈቱ። ቴልኔት፣ ኤፍቲፒ፣ የማትጠቀሙበት ኤፒአይ (ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚከፈት መግቢያ) ካለ አጥፉ። ዊንቦክስ (የሚክሮቲክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) በፖርት 8291 ነው፤ ከእናንተ ኔትወርክ ብቻ እንዲገባ አድራሻ ወስኑለት። በ2018 የታወቀው የዊንቦክስ ቀዳዳ ፖርቱን ለኢንተርኔት ክፍት የተዉትን ነው የጎዳው። ሶፍትዌሩንም አድሱ።

አካውንቶች። ሥራ የለቀቀ ሰው ስም አሁንም ካለ ዛሬውኑ አጥፉት። ሁሉም በአንድ «አድሚን» የሚገባ ከሆነ ለየሰው ለዩት፤ ማን ምን እንደቀየረ የምታውቁት ያኔ ነው።

ሰዓት። መሣሪያዎቹን ከኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል አገልግሎት) ጋር አገናኙ፣ የሰዓት ቀጠናውንም ወደ ሲደመር 3 አስተካክሉ። ይህ ትንሽ ይመስላል። እኛ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው የወደቀው» የምንለው በሎጉ 02:00 ነው። ቀጠናው ካልተስተካከለ ደግሞ 23:00 ይላል፣ ያውም በዋዜማው ቀን። ሰው በተሳሳተ ቀን ሎግ ውስጥ ሲፈልግ ያድራል።

ደረጃ 6. ከመቀየራችሁ በፊት መመለሻውን ያዙ

መጀመሪያ በአንድ ገጽ ጻፉ። ምን እንደምትቀይሩ፣ ለምን፣ የምታስገቧቸው ትእዛዞች በቅደም ተከተል፣ ካልሠራ የምትመልሱባቸው ትእዛዞች። ሌላ ሰው ያንብበው። የጻፈው ሰው ዐይን የማያየውን የሌላው ያያል።

ከዚያ ራሱ መሣሪያው እንዲመልሳችሁ አድርጉ። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ሲስኮ ላይ በቅድሚያ ሴቭ አድርጉ። ከዚያ «ሪሎድ ኢን 10» በሉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ መሣሪያው በራሱ ይነሣል፣ ያስቀመጣችሁትን የድሮ ኮንፊግ ያነባል። በመካከል ተቆልፎባችሁ ውጭ ከቀራችሁ መጠበቅ ብቻ ነው። ለውጡ እየተሞከረ ሳለ ሴቭ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ስህተቱን ካስቀመጣችሁት ሪሎዱ ወደ ስህተቱ ነው የሚመልሳችሁ። አርካይቭ (የኮንፊግ ቅጂዎች ማስቀመጫ) የተዘጋጀበት መሣሪያ ከሆነ «ኮንፊገር ተርሚናል ሪቨርት ታይመር 10» የተሻለ ነው፤ መሣሪያው ሳይጠፋ ኮንፊጉ ብቻ ይመለሳል። ሲሠራላችሁ «ኮንፊገር ኮንፈርም» ትላላችሁ።

ጁኒፐር (ሌላ አምራች) ላይ «ኮሚት ኮንፈርምድ» አለ። ካላረጋገጣችሁለት በ10 ደቂቃ ይመልሳል።

ሚክሮቲክ ላይ ሴፍ ሞድ ነው። ዊንቦክስ ላይ ቁልፉ አለ፤ ተርሚናል ላይ ኮንትሮልና ኤክስ ይጫናል። ግንኙነታችሁ ከተቋረጠ የቀየራችሁትን ይመልሰዋል። ወዲያው ላይሆን ይችላል፤ መቋረጡን እስኪያውቅ እስከ 9 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ለውጥ አይያዝም፤ ስለዚህ ሥራውን ከፋፍሉት።

አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። አንድ ትረንክ ፖርት (ብዙ ቪላን በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ) ቪላን 10 እና 20ን ያሳልፋል። 30ን ልትጨምሩ ፈለጋችሁ። እንዲህ ጻፋችሁ፦

ስዊችፖርት ትረንክ አላውድ ቪላን 30

ይህ ትእዛዝ አይጨምርም፣ ይተካል። 10 እና 20 በዚያች ቅጽበት ወጡ። እናንተ የገባችሁት በቪላን 10 ከሆነ ስክሪናችሁ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የምትጽፉት ፊደል አይወጣም። ስልካችሁ መጮኽ ይጀምራል። ትክክለኛው ይህ ነበር፦

ስዊችፖርት ትረንክ አላውድ ቪላን አድ 30

«አድ» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት። «ሪሎድ ኢን 10» ብላችሁ ከነበረ ጉዳቱ የ10 ደቂቃና መሣሪያው እስኪነሣ ያለው ጊዜ ነው። ካላላችሁ ታክሲ ይዛችሁ ቅርንጫፍ መሄድ ነው።

ደረጃ 7. ሠራ ከማለታችሁ በፊት ፈትሹ

ከራውተሩ ላይ ፒንግ ማድረግ አይበቃም። ከተጠቃሚ ኮምፒውተር ሆናችሁ ዋናውን ሲስተም ክፈቱ፣ ፕሪንተር ሞክሩ፣ ስልኩ በአይፒ ከሆነ ደውሉ። «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» እና ሎጉን እዩ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፦ «ሪሎድ ካንስል»፣ ቀጥሎ ሴቭ፣ ቀጥሎ ቅጂ ወደ ሰርቨር። ሪሎዱን መሰረዝ ከረሳችሁ ሁሉ ነገር ሠርቶ ሳለ መሣሪያው በራሱ ጊዜ ይነሣና ያስደነግጣችኋል።

ደረጃ 8. ሁለተኛ መግቢያ ይኑራችሁ

መሣሪያውን የምትደርሱበት መንገድ በዚያው መሣሪያ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ እሱ ሲወድቅ እናንተም ትወድቃላችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2022 በካናዳ የሮጀርስ ቴሌኮም ኩባንያ ኔትወርክ በአንድ የራውቲንግ ማጣሪያ መሰረዝ ሲወድቅ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ። የመቆጣጠሪያ ኔትወርካቸው በዚያው በወደቀው ላይ ስለቆመ ባለሙያዎቹም መግባት አልቻሉም ነበር። ለትንሽ ቢሮ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተርና ከዋናው መሣሪያ ኮንሶል ጋር የተገናኘ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር። እሱንም በቪፒኤን ብቻ ክፈቱት።

ደረጃ 9. መመለሱን ሞክሩት

ያልተሞከረ ባካፕ አለኝ አትበሉ። ትርፍ መሣሪያ ላይ ጫኑትና እዩ። ሲስኮ ላይ የምትደነቁባቸው አራት ነገሮች አሉ፦

- «ኖ ሸትዳውን» ረኒንግ-ኮንፊግ ውስጥ አይጻፍም። ኮንፊጉን አዲስ ራውተር ላይ ስትለጥፉት ኢንተርፌሶቹ (የራውተሩ ፖርቶች) ዝግ እንደሆኑ ይቀራሉ። አንድ በአንድ ክፈቷቸው።
- የኤስኤስኤች ቁልፍ በቅጂው አይመጣም። «ክሪፕቶ ኪ ጄኔሬት አርኤስኤ» ብላችሁ ቢያንስ በ2048 እንደገና ፍጠሩ።
- ስዊቹ የቪቲፒ (የቪላን ዝርዝርን ለስዊቾች የሚያዳርስ አሠራር) ሰርቨር ወይም ክላየንት ከሆነ የቪላኖቹ ዝርዝር ፍላሽ ላይ ቪላን ነጥብ ዳት የሚባል ፋይል ውስጥ ነው፣ ኮንፊጉ ውስጥ አይደለም። እሱንም ቅዱ።
- ወደ ረኒንግ-ኮንፊግ ኮፒ ማድረግ ያለውን አይተካም፣ ይጨምርበታል። የተሳሳተው መስመር እዚያው ይቆያል። ሙሉ በሙሉ ለመተካት «ኮንፊገር ሪፕሌስ» ነው።

ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝገቡ ላይ ጻፉ። አለቃችሁ «መቼ ይመለሳል?» ሲል የምትመልሱት ያንን ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ቅጂውን በዚያው መሣሪያ ፍላሽ ላይ ብቻ ማስቀመጥ። አርብ ከሰዓት በኋላ ለውጥ መጀመር። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ላይ መሥራት። «ለጊዜው» ተብሎ የተከፈተ ፖርት ሳይዘጋ መቅረት፤ የምትዘጉበትን ቀን ዴስክሪፕሽኑ (የፖርቱ ማስታወሻ) ላይ ጻፉት።

ሌላው ኮንፊግን በሙሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎ እርዳታ መጠየቅ ነው። ሰው ሊረዳችሁ ይፈልጋል፣ ግሩፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ግን አታውቁትም። ከመለጠፋችሁ በፊት ፓስወርድ፣ የኤስኤንኤምፒ ኮሚዩኒቲ፣ የቪፒኤን ቁልፍና የውጭ አይፒ አውጡ። ቀድሞውኑ ለጥፋችሁ ከነበረ ማጥፋቱ አይበቃም፤ ፓስወርዶቹን ቀይሩ።

አሁን ተቆልፎባችሁ ይህን የምታነቡ ከሆነ

ገመዱን አትንቀሉ። መሣሪያው ሥራ ላይ ከሆነና ያልተቀመጠ ኮንፊግ ካለበት፣ መንቀል ያለቻችሁን ብቸኛ ቅጂ ያጠፋዋል። በኮንሶል ግቡ፣ «ሾው ረኒንግ-ኮንፊግ» ብላችሁ ወደ ፋይል ገልብጡ፣ ከዚያ አስተካክሉ። ኮንሶል ከሌለ፣ የድሮው ኮንፊግ በደንብ ተቀምጦ እንደነበር እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ ነቅላችሁ ሰኩ። ሚክሮቲክ ከሆነ ላፕቶፑን በቀጥታ በኬብል አገናኙና ዊንቦክስ ላይ ኔበርስ የሚለውን ክፈቱ። አይፒውን ትታችሁ የማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን የራሱን መለያ ቁጥር) ንኩ። የማክ መግቢያው ካልተዘጋና ፋየርዎሉ ካልከለከለ፣ አይፒው ቢበላሽም በዚያ በኩል ትገባላችሁ።